መኪናውን ከቤቱ ያስወጡ አራት ተክሎች

ኦሬስት ሃቭሪሉክ መኪናውን ከጋራዥ አስወጥቶ በረዶ ላይ ያሳደረ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ እሱ የታመመ መሰለው። በሳስካችዋን የበረዶ ወራት ባል ሚስቱን ቢያስቀይም ጎረቤት አይጠይቅም፤ ያስታርቃቸዋል ጊዜው። መኪናውን ውጭ ካሳደረ ግን ይጠይቃል። እኔም ጎረቤት ነኝና ሄጄ ጠየቅሁ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ተከራይ አስገባሁ» አለኝ። «አራት ናቸው። አይከፍሉም።»

ተከራዮቹ የካናቢስ ተክሎች ነበሩ። የአገሩ ሕግ ለአንድ ቤት አራት ይፈቅዳል። ኦሬስት ሕግ አክባሪ ስለሆነ፣ አምስተኛው ፍሬ ሳይታሰብ በበቀለበት ጊዜ ራሱ ነቅሎ ጣለውና ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሐዘንተኛ ከረመ።

ነገሩ የመጣው በሚስቱ በዞንያ ጣቶች ነው። ዞንያ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ፒሮሂ ከሚሠሩት ሴቶች ዋነኛዋ ነበረች፤ ድንች የተሞላውን ሊጥ ጠርዙን ቆንጥጣ ስትዘጋው ስፌት ይመስላል። በዚያ መከር ግን መገጣጠሚያዎቿ አብጠው የሻይ ስኒ ማንሳት አቃታት። አንዲት ወዳጇ በካናቢስ አበባና በሰም የተሠራ ቅባት ሰጠቻትና ጣቶቿ ተላቀቁ። ቅባቱ አለቀ። ከሱቅ የተገዛው ደግሞ የከረሜላ ሽታ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም።

«እኔ አበቅልልሻለሁ» አለ ኦሬስት።

«አብቅል። ቤቴ ግን አይገባም» አለች ዞንያ። «ሽታው መኪና ገጭቶት መንገድ ዳር የከረመ አውሬ ነው።»

ስለዚህ ጋራዥ ገቡ።

ኦሬስት ዕድሜውን የኖረው ሰዎች በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ በሚጫወቱበት አዳራሽ ውስጥ የበረዶውን ወለል እየሠራ ነው። ሥራው ማቀዝቀዝ ነበር። አሁን በሰባ አንድ ዓመቱ ማሞቅ ጀመረ፤ አልከበደውም፣ ቅዝቃዜ በየት በኩል እንደሚገባ እንደ ዘመድ ያውቀዋልና። «ብርድ ከላይ የሚመጣ ይመስላችኋል። ከሲሚንቶው ነው የሚመጣው፣ ከእግር» ይላል። ባልዲዎቹን ወፍራም ፎም ላይ አስቀመጠ። ዙሪያውን ብር በመሰለ ሸራ ድንኳን ጣለላቸው፤ ውስጡ ትልቅ መብራትና ማሞቂያ አስገባ። መብራቱም ስለሚሞቅ፣ ብርዱ በሚበረታበት ሌሊት እንዲበራ፣ ቀን እንዲጠፋ አደረገው። ተክሎቹ እንደ ዘበኛ ቀን ተኝተው ሌሊት ይሠሩ ነበር። ቀን ድንኳኑን መክፈት ክልክል ነው፤ እንቅልፋቸው ከተረበሸ አበባው ይበላሻል። የዞንያ ወንድም ሌስተር እዚያ ቆሞ ጮክ ብሎ ሲያወራ፣ ኦሬስት «ቀስ!» ብሎ ገሠጸው።

«ይሰማሉ እንዴ?»

«አላውቅም። እኔ ግን እሰማለሁ።»

አበባው ሊቆረጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የገና በዓል ደረሰ። የእነሱ ገና ከእኛ ገና ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል በየዓመቱ ዋዜማውን እነሱ ቤት ነኝ። ጾሙ ሳይፈታ አሥራ ሁለት የጾም ምግብ ይቀርባል፤ ጥግ ላይ የስንዴ ነዶ ይቆማል፤ አንድ ወንበር ደግሞ ላልታወቀ እንግዳ ባዶውን ይተዋል። የዚያን ምሽት ብርዱ የዓይን ሽፋሽፍት የሚያጣብቅ ነበር።

ሌስተር መጣ። ከእሱ ቀጥሎ አባ ቫሲል መጡ፤ ከእራት በኋላ ሌላ መንደር ሄደው መቀደስ ነበረባቸው። እዚያ አገር የሁሉም መኪና አፍንጫ ላይ ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ በኤሌክትሪክ ይሞቃል። የእንግዳን መኪና የሚሰካው ደግሞ የቤቱ ጌታ ነው። እንግዳ መጥቶ መኪናው ካልተሰካ፣ እጅ መታጠቢያ እንደ መከልከል ነው። ኦሬስት የአባን ቡራኬ ከመቀበሉ በፊት ገመዳቸውን ተቀብሎ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰካ፤ የሌስተርን ቀድሞ ሰክቶታል፣ የራሱም እዚያው አለ። ሦስቱ መኪኖችና የተክሎቹ ማሞቂያ በአንድ መስመር እንደሚበሉ ጭንቅላቱ ያውቃል። እጁ አያውቅም።

ማዕድ ተቀመጥን። ልማዱ አባወራው አንድ ማንኪያ ኩቲያ፣ ማለትም በማርና ኑግ በመሰለ ጥቁር ፍሬ የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ፣ ወደ ጣሪያው እንዲወረውር ነው፤ ከተጣበቀ ዓመቱ መልካም ነው። ኦሬስት ማንኪያውን አነሣና በመስኮት ወደ ጋራዡ አየ። በበሩ ሥር ሁልጊዜ የሚታየው የመብራት ጭረት አልነበረም። ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ። ወንዶቹ ተከተልነው።

ብሬከሩ፣ ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጠው ማብሪያ፣ ወርዷል። አነሣው፤ ወረደ። የራሱን መኪና ነቀለ፤ ወረደ። ሌስተር የራሱን ነቀለና «እዚሁ አድራለሁ፤ ለነገሩ አሥራ ሁለቱንም ሳልቀምስ አልሄድም» አለ። አሁንም ወረደ።

«ከጓዳ በረጅሙ ገመድ እንሳብ» አልኩ።

ኦሬስት ሌስተርን አየው። ሌስተር ጫማውን አየ።

«ባለፈው ዓመት ያዋስከኝ?» አለ ሌስተር። «ቤቴ ነው። ደህና ነው።»

የቀረው የአባ ገመድ ብቻ ነው። ከተነቀለ መኪናቸው አይነሣም፣ ምእመናንም ያለ ካህን ያድራሉ። ካልተነቀለ ተክሎቹ ይሞታሉ፤ የዞንያ ጣቶችም የበረዶው ወራት እስኪያልፍ እንደታጠፉ ይቆያሉ። ኦሬስት የድንኳኑን ዚፕ ያዘ።

«የአባ እንደተሰካ ይቆይ» አለ። ድምፁ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ይመስል ነበር።

አባ ቫሲል ጢማቸውን አሻሹ። «ልጄ፣ በእኔ ምክንያት...»

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ?» ዞንያ በሩ ላይ ቆማለች፤ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣለች። «አስገቧቸው!»

«የት?» አለ ኦሬስት።

«ቤት ነዋ! የት ልትወስዳቸው ነው፣ ሆቴል?»

«ሽታው እኮ...»

«ለእንግዳ ብዬ ወንበር ትቻለሁ። አራት መጡ። ምን ላድርግ፣ ልመልሳቸው?»

ግቢውን ለመሻገር ያን ብርድ ራቁታቸውን አይችሉትም፤ ስለዚህ ካፖርታችንን አውልቀን አለበስናቸው። ኦሬስት አንድ፣ ሌስተር አንድ፣ እኔ አንድ፣ አባ ቫሲልም በጥቁር ካፖርታቸው የተጠቀለለውን አንዱን አቅፈን ወጣን። አባ ከፊት ሆኑ፤ ልማድ ነው።

«አባ፣ መዝሙር የለውም?» አለ ሌስተር ጥርሱን እያንቀጫቀጨ።

«ዝም ብለህ ተሸከም፣ ባለ ገመድ።»

ከስንዴው ነዶ አጠገብ አቆምናቸው። ሽታው አሥራ ሁለቱንም ምግብ አንድ ዓይነት አደረጋቸው። አባ ቫሲል ቀምሰው «ዓሣው ጥሩ ነው» አሉ። የያዙት ግን ጎመን ነበር። ኦሬስት ኩቲያውን ወረወረ፤ ግማሹ ጣሪያው ላይ ተጣበቀ፣ ግማሹ ተክሎቹ ላይ ወረደ።

«ደረሳቸው» አለች ዞንያ።

የአባ መኪና ባንዴ ተነሣ። በኋላ እንደሰማነው፣ የዚያ መንደር ምእመናን የዘንድሮው ዕጣን ከየት እንደተገዛ ጠይቀዋል።

ሌስተር የተሸከመው ተክል ካፖርቱ ስላጠረው ጫፉን ብርድ መትቶት በሳምንቱ ሞተ። ሦስቱ ጋራዥ ተመልሰው ቀናቸውን ጨረሱ፣ ቅባቱም ወጣ። ኦሬስት መኪና እንዳይሰካበት ለእጁ ማስታወሻ የጋራዡ ሶኬት ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ፣ ሌስተርም ገመዱን ሳይጠየቅ መለሰ።

በዐቢይ ጾም መግቢያ አባ ቫሲል ለጉብኝት መጡ። ኦሬስት ገና በሩን ሳይዘጋ ገመዳቸውን ይዞ ወደ ጋራዡ ሲሮጥ ቀዩን ጨርቅ አየና ባለበት ቆመ። ዞንያ በጓዳው መስኮት ረጅሙን ገመድ አወረደች፤ ወጥታም የአባን ገመድ ከባሏ እጅ ተቀበለችው። የገመዱን ራስ በሁለት ጣቶቿ ቆንጥጣ፣ እንደ ፒሮሂ ጠርዝ፣ ገፋ አድርጋ ሰካችው።