ስሙን ጠይቁት

አክስቴ ሱዳን፣ ቡሪ የሚባል ሰፈር ስትኖር፣ ከሻ መጣ ሲባል፣ ፖሊስ ለአፈሳ ሲገባ ማለት ነው፣ ተደብቃ አታውቅም። በሩ ላይ ቆማ «ኢስመክ ሚኑ?» ትለዋለች፤ ስምህ ማነው? ሰው ቤት ለሚሠሩት ልጆችም ይህንኑ ታስተምር ነበር። «አታልቅሱ፣ አትለምኑ። ስሙን ጠይቁት፣ የት እንደሚወስዳችሁም ጠይቁት። መብታችሁ ነው።»

የመጨረሻው ፖሊስ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷን እጁ ላይ ይዞ ጎኗን በዱላ መታት። ስሙን ግን እየሳቀ ነገራት፤ አንዲት ሐበሻ የት ታደርሰኛለች ብሎ ነው። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሳችም።

ለቅሶዋ ላይ አልቃሿን «የአክስቴን ደግነት ተይውና የእሱን ስም አንሺ» አልኳት። አነሳችው፤ እኛም ደረታችንን እየመታን ተቀበልናት። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን አማርኛ አያውቁም፣ ስሙን ግን ለዩት። ለካ የሰፈሩ ልጅ ነው። በማግስቱ እናቱ ሽማግሌ ላከች፤ ስሙን እንድንተውላት ትለምናለች።

ይቅር በይ የሚሉኝ አሉ። አልልም። አክስቴ ትቆምበት የነበረው በር ዛሬ ባዶ ነው። የአርባዋን ድንኳን የምንተክለው ከእሱ በር ፊት ለፊት ነው።