አዲሱ ትከሻ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ዛሬ እንድመሰክር ፍቀዱልኝ ብዬ የለመንሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አልገፋኝም። ባለቤቴ እታገኝ እዚያ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ "አደራ፣ እንዳታረዝም" በሚል ዐይን እያየችኝ ነው። እሞክራለሁ። እሷን በሕይወት ያቆየልኝ ጌታ ስሙ ይባረክ!

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ እዚሁ መካነ ሰላም መምህር ነኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። መጽሐፍ ሲተረጉሙ በየመስመሩ "ምነው ቢሉ" ይሉና መልሱን ያስከትላሉ። እኔ ከሳቸው የወረስሁት የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ ነው። መልስ ሲሰጠኝ መልሱን ደግሞ "ምነው?" እለዋለሁ። ሰው ሲሞት ለምን ወዲያው ደግ ይሆናል? ሚኒባስ ተሳፋሪውን አጭቆ ካልሞላ ለምን አይነሳም? ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ካነበብሁት ጋርም እጣላለሁ።

እታገኝ ጌታን ስትቀበል ተጨማሪ ሥራ አገኘሁ። ከጸሎት ስትመለስ በር ላይ እጠብቃታለሁ።

"ዛሬስ ምን ለመናችሁ?"

"ዝናብ።"

"ታዲያ ዘነበ?"

"አልዘነበም።"

"ለምን?"

"እኔ ምን አውቄ! እሱን ጠይቀው።"

"የለማ!"

"እንግዲያ ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትጣላው?" ትለኝና ወደ ጓዳ ትገባለች።

ባለፈው ክረምት እናቷን ልናይ ወደ ቆላ ወረድን። መኪና የሚደርሰው ከአፋፉ ድረስ ነው፤ ከዚያ ቁልቁል በእግር ነው። እዚያው እያለን እታገኝ ሆዷን ታመመች። ቁርጠት ነው ብለን አደርን። ሲነጋ ቀና ማለት አቃታት፤ ትኩሳቷ እጅ ያቃጥላል።

ምክንያት ግን ወዲያው ቤቱን ሞላው። የእናቷ ጎረቤት "የሰው ዐይን ነው" አሉ። አክስቷ "የአባት የእናቷን ሃይማኖት ትታ ምን ይመጣል ብላችሁ ነው!" አሉ። እኔም መንገዱን ከሰስሁ፣ ወረዳውን ከሰስሁ፤ በመጨረሻ የለም የምለውን እሱን ራሱን ከሰስሁት። "ለምን እሷን?"

ወንድሟ አንድም ምክንያት አልሰጠም። ደጅ ላይ እንጨት ቆርጦ ቃሬዛ ያስር ነበር።

የቃሬዛን ሥርዓት ከከተማ ያልወጣችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። በሽተኛ በቃሬዛ ሲሄድ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም። ወደ ቤቱ እየገባም ቢሆን ጓዙን አውርዶ፣ የመጣበትን መንገድ ተመልሶ ይሸከማል። ሲደክመው "ተቀበለኝ!" ይላል፤ ሌላው ይቀበለዋል። ማን ናት፣ የማን ወገን ናት አይባልም። ሙስሊሙ "አብሽሩ፣ አላህ ያሽራት" ይላል፤ ክርስቲያኑ "እግዜር ይማራት" ይላል፤ ትከሻውን ያስገባል።

ዳገቱን ጀመርን። ዝናቡ ያካፋል። እታገኝን በጋቢ ጠቅልለን ላስቲክ አልብሰናታል፤ እሷ አታየንም፣ ከትኩሳቷና ከላስቲኩ ኮሽታ የተነሳ ድምፃችንንም አትለይም፤ እኛም ፊቷን አናይም። እኔ ከጎን ከጎን እየሄድሁ አወራለሁ። ሲጨንቀኝ አፌ አይዘጋም። ከገበያ ሲመለስ ያገኘን አንድ ጎልማሳ የጨው ከረጢቱን ድንጋይ ሥር ወሽቆ ከኋላ ገብቶ ነበር። ጥያቄዬን ይዤ ወደሱ መጣሁ።

"ወንድሜ፣ እሷን አታውቃት፣ እኛን አታውቀን። ለምንድን ነው የምትሸከም?"

"ምን አልኸኝ?"

"ለምን ትሸከማለህ ነው የምልህ።"

ዞሮ ሊያየኝ አልቻለም፤ አንገቱ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቋል። "ያ ረቢ! ይኼ ሰውዬ ምንድን ነው?" አለ።

"ባሏ ነው፤ መምህር ነው" አለ የእታገኝ ወንድም፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ።

"እሱስ ያስታውቃል! ስማ የኔ ጌታ፣ ጥያቄህን አፋፉ ላይ ስንደርስ እናወራዋለን። አሁን ትከሻዬ አልቋል። ግባና ተቀበለኝ!"

በዚያ ዳገት፣ በዚያ ጭንቅ፣ ሰዉ ሳቀ። ገባሁ።

ወገኖቼ፣ እንጨቱ ትከሻችሁ ላይ ሲያርፍ የሚታያችሁ የፊተኛው ሰው ተረከዝ ብቻ ነው። ትንፋሽም ለእርምጃ እንጂ ለወሬ አይተርፍም። አፌ ተዘጋ። ያኔ ነው ከላስቲኩ ሥር የእታገኝን ድምፅ የሰማሁት። እስከዚያ ድረስ የምታቃስት መስሎኝ ነበር። ለካ ትጸልያለች! ተሸካሚ በተቀየረ ቁጥር ቃሬዛው ዘንበል ይላል፤ በዚያ ታውቃለች፤ ለገባው ሰው ትጸልያለች። እኔ ልምዱ ስለሌለኝ ክፉኛ አዘነበልሁት። ሕመሙ ቀስፎ ያዛትና ጮኸች። ትንሽ ቆይታ እንዲህ አለች፦

"ጌታዬ፣ ይህን አዲሱን ትከሻም ባርከው። እኔ አላውቀውም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ቤቱ በሰላም አግባው።"

እኔ እኮ ነኝ! የገዛ ባሏ! እንዳልነግራት ትንፋሽ የለኝም። እሷ ሞት አፋፍ ላይ ሆና "ለምን እኔ?" ማለት ስትችል፣ ላሳመማት ለማታውቀው ሰው በረከት ትለምናለች። ደግሞም አነጋገሯ አጠገቧ ላለ ሰው የሚነገር ነበር። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የለኝም። እዚያ ቃሬዛ አጠገብ ከሷ ጋር የሚሄድ፣ የሚሰማት እንዳለ ግን አወቅሁ። በልቤ "አላውቅህም፤ አንተ ግን ታውቀኛለህ ብላለች። ደክሞኛል፤ ተቀበለኝ" አልሁት። እሱም ተቀበለኝ! ጌታ ይባረክ!

አፋፉ ላይ መኪና አገኘን። ሆስፒታል እንደደረስን ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት። ሐኪሙ ሲወጣ "ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ነበር። ጥቂት ብትዘገዩ ሌላ ወሬ ነበር የምነግርህ" አለኝ።

"ለምን ፈነዳ?" ልማድ ነው፤ አመለጠኝ።

"መምህር፣ ይዘጋል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል። ለምን የሷ ካልኸኝ አላውቅም። ነቅታለች፤ ግባና እያት።"

ነቅታለች! ሃሌሉያ!

"ማን ማን ተሸከመኝ?" አለች ገና ሳልቀመጥ። የማስታውሳቸውን ነገርኋት።

"አንተስ?"

"እኔም።"

"የቱ ጋ?"

"ያ ክፉኛ ያዘነበለው እኔ ነኝ።"

ልትስቅ ስትል ስፌቱ ያዛት። "ውይ! እኔ እኮ መርቄሃለሁ!"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ አሜን አልህ?"

"ትንፋሽ አልነበረኝም።"

"አሁን በላ!"

አሜን አልሁ። ከልጅነቴ ወዲህ ከልቤ ስለው የመጀመሪያዬ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በቅንነት "አንተን ሊያመጣ ነው እሷን ያሳመማት" ትሉኛላችሁ። አትቀየሙኝ፤ በዚህ አልስማማም። የኔን ግትርነት ለመስበር የሷን አንጀት የሚያፈነዳ ጌታ አላውቅም። እኔ የማውቀው ዳገቱን አብሯት የወጣውን ነው። ለምን ታመመች? ዛሬም አላውቅም። ሰማይ ቤት ስገባ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በየጧቱ ስትነሳ አይቼ አመሰግነዋለሁ።

ከመካከላችሁ "ለምን" እያለ የሚያድር ቢኖር፣ ጥያቄህን ጥለህ ና አልልህም፤ እኔም ይዤው ነው የመጣሁ። ትከሻህ ያለቀ እንደሆነ ግን እሱን "ተቀበለኝ" በለው። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይቀበላል!

እታገኝ "በቃህ" እያለችኝ ነው። አንዴ አሜን ብዬ ልቀመጥ፤ ዛሬስ ትንፋሽ አለኝ። አሜን!