የመካኒኩ ጆሮ

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ሰው መካኒኩን የሚያናግረው እየጮኸ ነው፤ ከደነቆረ ቆይቷል ይላሉ። እሱ ግን ለእሽቅድምድም እንድትሆን ያሠራኋት መኪናዬ ከኋላ ስታፏጭ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ አስዞረኝ። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ነዳጅ ታንኩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ከጆሮው ጋር አጣበቀና ዓይኑን ጨፈነ።

«ፓምፑ ጤነኛ ነው» አለ። «ለፍጥነት ብላችሁ ትልቅ ፓምፕ ገጠማችሁ፤ መሳቢያ ቱቦውን ግን የድሮውን ቀጭኑን ተዋችሁት። ታንቆ ነው የሚጮኸው። ማነው የሠራው?»

«ወንድሜ።»

«አይወድህም ማለት ነው።»

ጋራዡ በሙሉ ሳቀብኝ።

ይሄኔ የመካኒኩ ሚስት የራጅ ፖስታ ይዛ ገባች። ከመክሳቷ የተነሳ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏል። ጆሮው ሥር ቆማ «ሐኪሙ ብቻሽን አትምጪ ብሎኛል!» ብላ ጮኸች። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «እ?» አላት። ሦስት ጊዜ ደገመችለት። ሳል ድምፅዋን ሲዘጋው ፖስታውን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች።

«ምስኪን፣ አልሰማትም እኮ» አልኩ ለራሴ፣ በሹክሹክታ።

ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ ካቻቪቴውን በጨርቅ እየወለወለ፣ «ሰምቻታለሁ» አለ።