በምትኩ አልበም ውስጥ የአስካለ ቦታ

ዛሬ ጠዋት አማን ገበያ አጠገብ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ የምትኩ ድምፅ ከአንድ ባጃጅ ውስጥ እየተሰማ በአጠገቤ አለፈ። አላመንኩም። ልጁን ከቀበርነው ገና አርባው አልሞላም።

ባለባጃጁን አስቆምኩት። «ምንድነው የምትሰማው?»

«አልበሙ ወጣ እኮ አባባ፣ አልሰሙም? ጓደኞቹ ናቸው ያወጡለት» አለኝ። ገብቼ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጥኩ።

ይህን በራሴ ጣት ነው የምጽፈው። ልጄ ልጻፍልህ ብትለኝ እምቢ አልኳት። ፊደል ስቼ እንደሆነ አስተካክላችሁ አንብቡ።

ምትኩን ብዙዎቻችሁ የደቡቡ ራፐር እያላችሁ ነው የምታውቁት። እኔ የማውቀው በመጋዘኔ ነው። ቡና ተለቅሞ ባለቀበት ሰሞን ኮምፒውተሩን በጀርባው አዝሎ መጣና «ጋሼ፣ ጀንፈል ቡናው ሳይጫን መጋዘኑን ይፍቀዱልኝ፤ ጆንያው ድምፅ ይውጣል፣ ስቱዲዮ ነው» አለኝ። እምቢ ልል ስል ባለቤቴ አስካለ ቁልፉን ሰጠችው።

በር ላይ ቆሜ «ይሄ ዘፈን ነው ወይስ የእግር ኳስ ማስተላለፍ?» እለው ነበር። እሱ አይቆጣም። «ራፕ ማለት የእርስዎ ንዝንዝ ነው ጋሼ፣ ቤት ሲመታ» ይለኛል። የአስካለ ሳቅ ከጓዳ ይሰማል።

አንድ ቀን ጎደሬ ቀቅላ ብትጠብቀው አልወጣም። በሩን ከፍታ «አንተ ልጅ፣ በባዶ ሆድ አትጩህ፣ ና ብላ» አለችው። «መጣሁ እማማ» አላት። ማይኩ ክፍት ስለነበር ሁለቱም ተቀዱ። ያንን ዘፈን ከዚያ ወዲህ «የጎደሬው» አልነው።

አስካለ በቀጣዩ ክረምት አረፈች። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ምትኩ መጥቶ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገው። ድምጿ ነው። «ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ አልበሙ ላይ ትግባ» አለኝ።

ጦፍኩ። «የእኔ ሚስት ሞታ በየባጃጁ አትጮህም። አጥፋው።»

«እሺ ጋሼ። እርስዎ ካሉ አትገባም» አለ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እየመጣ ሻይ ሲጠጣ አንድ ቀን አላነሳብኝም። እኔ ግን ልቤ ከፈቀደ ቆይቶ ነበር። አፌ ነው እምቢ ያለው። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሳለ ከቴፒ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ።

ዛሬ ባጃጁ ውስጥ አልበሙን ከመጀመሪያው አስጀምሬ ሰማሁት። አልደብቃችሁም፣ ምነው ቃሌን ጥሶ አስገብቷት በሆነ እያልኩ ነበር። የጎደሬው ደረሰ። እሷ የምትናገርበት ቦታ ላይ ምቱ ብቻውን ይሄዳል፣ ማንም የለም። ከዚያ የሱ ድምፅ «መጣሁ እማማ» ይላል።

ባለባጃጁ «እዚህ ጋ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስለኛል» አለ።

«እኔ ነኝ ያጎደልኩት» አልኩት።

አልበሙን ካወጡት የምትኩ ጓደኞች ለአንዱ ደወልኩ። ድምጿ ካለ መልሱት፣ ፈቅጃለሁ አልኩ። «የለም ጋሼ። አጥፋው ብለውት የለ፣ የዚያኑ ቀን አጥፍቶታል» አለኝ።

ምትኩ ልጄ፣ ቃልህን ጠበቅክ። እኔ ነኝ የዘገየሁት። አሁን መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ዘፈንህን ከፍቻለሁ። ያ ባዶ ቦታ ሲደርስ እኔው ራሴ «አንተ ልጅ፣ በባዶ ሆድ አትጩህ፣ ና ብላ» እላለሁ። አንተም ትመልሳለህ።

በል ሂድ ልጄ። ጎደሬው ሳይበርድ ድረስላት።