አኮርዲዮን የሚያዳምጡት አዛውንት

በገና ሰሞን፣ ኮተቤ ባለው ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከአልፕስ ተራሮች የመጡ እንግዶች የአገራቸውን የእረኛ ዜማ ከአኮርዲዮን፣ ከጊታርና ከድራም ጋር አዋህደው ይጫወታሉ። ፌበን አጠገብ የተቀመጡት፣ ኮታቸውን አዛንፈው የቆለፉ አዛውንት ዓይናቸውን ጨፍነው በአኮርዲዮኑ ልክ የቀኝ ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሯሩጣሉ። ግራ እጃቸው ግን እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ ብሏል። ዘፋኟ ድምፅዋን እየሰበረች ወደ ላይ ስትጣራ፣ ከመስኮቱ ማዶ በጭጋግ የደበዘዘው እንጦጦ «አቤት» የሚላት ይመስላል።

«አባባ፣ ይጫወቱ ነበር እንዴ?» አለች ፌበን በሹክሹክታ።

«ስትሮክ ግራዬን እስኪይዛት ድረስ፣ ለመዘምራኑ። ቀኟን የተወልኝ ጌታ ይመስገን።»

ዜማው ሲያበቃ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አዛውንቱ ቀኝ መዳፋቸውን አንስተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ባንድ እጅ አይጨበጨብም፤ አንዱን አንቺ አዋጪ።»

ፌበን እየሳቀች መዳፏን ዘረጋችላቸው። አዳራሹ ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላም የሁለቱ ጭብጨባ ለብቻው ይሰማ ነበር።