እማ፣ ሳታንግ

ይህን እስከ ትናንት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጾም መግደፌን ብቻ ተናዝዤ ተመልሻለሁ። ስግደት አዘዙኝ፣ ሰገድኩ፣ ጉልበቴን አመመኝ፣ በቃ። ዋናው ነገር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ እንደተቀመጠ አለ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር። ብቻ ስጨርስ «አይ ምስኪን» እንዳትሉኝ። ምስኪን አይደለሁም።

ማህሌት የእህቴ የአስቴር ልጅ ናት። አስቴር እዚህ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ትነዳ ነበር፤ ካንሰር በስምንት ወር ወሰዳት። ልጅቷን በአሥራ አንድ ዓመቷ እዚያው አቅራቢያ ኢገን ወዳለው አፓርታማዬ አመጣኋት። እቴቴ ነው የምትለኝ። አላለቀሰችም። በቀብሩም፣ በአርባውም፣ በሙት ዓመቱም እንባ አልወጣትም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «ጎበዝ፣ ጠንካራ ልጅ» እያለ ጉንጯን ይስማታል፤ እኔም ጎበዝ ናት እያልኩ እኮራለሁ። የምን ጉብዝና ነው? እናቷ ሞታባት ያላለቀሰችን ልጅ ጎበዝ የሚል ምን ዓይነት አዋቂ ነው?

ጓደኛዋ አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከታችኛው ፎቅ ያለችው ሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱንም ከኋላ አስቀምጬ ለመዝሙር ጥናት ወደ ቤተ ክርስቲያን ድራይቭ አደርጋለሁ። የአንዲት ኮሪያዊት ዘፋኝ ዘፈኖችን ለማህሌት ያስተዋወቀቻት ሩት ናት። ያኔ ዘፋኟ አንድ ዘፈን አውጥታ ሰዉ ሁሉ ተንጫጭቶባት ነበር። ቪዲዮው ላይ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯ ላይ ነጭ ሪባን አስራ፣ ፍራፍሬና ሻማ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ፊት ለአንዲት ሴት ፎቶ ትሰግዳለች። የጣዖት አምልኮ ነው ተባለ። የመዝሙር ወላጆች ግሩፕ ላይም አንድ መምህር ነኝ ባይ ዘፈኑን እያቆመ፣ እያዘገመ፣ ወደ ኋላ እያጫወተ «ይኸው ሰይጣንን ስትጠራ ስሙ» የሚልበት ቪዲዮ ተላከ። እኛም ሰማን። አንድም ኮሪያኛ የሚያውቅ በሌለበት ግሩፕ ሁላችንም ሰማን!

አሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ያን ቪዲዮ ያየሁት እኮ ሳሎኔ ተቀምጬ ነው። ከፊቴ የአስቴር ፎቶ አለ፤ ፎቶው ፊት ሻማ ይበራል። እኔ ራሴ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ዓመት ሙሉ ለብሻለሁ። የኔ ሐዘን ነው፣ የዚያች ልጅ ግን ጣዖት ነው? ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ማን ናት ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? እኔስ ለምን አልጠየቅኩም?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በረዶው መንገዱን ዘግቶት የመዝሙር ጥናት ቀርቷል። ያጠፍኩትን ልብስ ይዤ ወደ ማህሌት ክፍል ስሄድ በተዘጋው በር ውስጥ ስትዘፍን ሰማኋት። «እማ፣ ሳታን… እማ፣ ሳታን…» በስመ አብ! እማ የራሳችን ቃል ነው፤ ሳታን ደግሞ ማን ይስተዋል? ልጅቷ ሰይጣንን እማ እያለች ነው አልኩ። አበስኩ ገበርኩ! ልብሱን መሬት አስቀምጬ፣ ስልኬን አውጥቼ ድምፅዋን ቀዳሁ።

ፈርቼ ነው ብል ግማሹ ውሸት ነው። ቀንቼም ነው። ሁለት ዓመት ፀጉሯን ስሠራ፣ ሺፍት እየለወጥኩ ጥርስ ሐኪም ሳመላልሳት፣ አንድ ቀን ተሳስታ እንኳን እማ ብላኝ አታውቅም። እኔ እቴቴ ሆኜ ሰይጣን እማ ይባል? ሳቁብኝ ካላችሁ ሳቁ፤ እኔ በሰይጣን ቀናሁ። ድምፁን ለግሩፑ ኃላፊ ላክሁላትና «ስሜን እንዳታነሺ፣ ብቻ ልጆቹን ገሥጹልኝ» አልኳት። ሴትዮዋም ስሜን አላነሳችም። ድምፁን ግን ለሰባ ሰው አሰማችው።

በማግስቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ዳቦ እየተቆረሰ ነበር። ማህሌት የመዝሙር ልብሷን ለብሳ ከልጆቹ ጋር ቆማለች። ከአንዲት ሴት ስልክ ድምፅዋ ወጣ። ቀጥሎ ከሌላዋ። ሴቶቹ እያማተቡ ዞር ዞር ብለው ያዩዋታል፤ አጠገቧ የነበረችው ልጅ ሁለት እርምጃ ራቀቻት። ማህሌት የመዝሙር ልብሷን አውልቃ፣ አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ኮቷን ለብሳ ወጣች። እስከ ዛሬ ያንን ልብስ መልሳ አልለበሰችም።

መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቶዋን ካሰረች በኋላ «ይህን ስዘፍን የሰማችኝ ሩት ብቻ ናት» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። ሩት ያን እሁድ ጉንፋን ይዟት ቀርታ ነበር። ማህሌት በመስታወቱ ውስጥ ታየኛለች። «አይደለችም» የሚል አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ቃል! እኔ ግን መሪውን ጨብጬ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ሰው አይታመንም፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ሩት ሦስት ጊዜ መጥታ በሬን አንኳኳች። ሦስቱንም ጊዜ የከፈትኩላት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ዓይኗ አብጦ «እቴቴ፣ ማርያምን እኔ አይደለሁም» አለችኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ማን እንዳደረገው ለምታውቀው ሴት ትምላለች። እኔ አልነበርኩም ወይ ያደረግሁት? እኔ ነበርኩ። «ማህሌት ልታይሽ አትፈልግም» ብዬ በሩን ዘጋሁባት። በፀደዩ ወላጆቿ ሌላ ስቴት ሄዱ። ማህሌት ዕቃ ሲጭኑ በመስኮት ታያለች እንጂ አልወረደችም።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ከዚያ ክረምት ዓመት በኋላ አንዲት ኮሪያዊት አሮጊት ወደ እኛ ፎቅ መጣች፤ የመርሳት በሽታ እንግሊዝኛዋን ወስዶባታል። አንድ ቀን ምሳ ሳበላት የሥራ ልብሴን ጨምድዳ ይዛ «ሳታንግ፣ ሳታንግ» አለችኝ። አማተብኩ። አጠገቧ የነበረችው ልጇ ሳቀች። «ከረሜላ ነው የምትፈልገው» ብላኝ ከቦርሳዋ አወጣች፣ ወረቀቱን ላጠችና «እማ» ብላ እናቷን አጎረሰቻት። እማ፤ ልክ እንደኛ!

ስለ ዘፈኑ ጠየቅኳት፤ ታውቀዋለች። ዘፋኟ ልጅ ሆና ስታለቅስ እናቷ አፏ ውስጥ ከረሜላ ታደርግላት ነበር፤ እናቷ ስትሞት ያወጣችው ዘፈን ነው አለችኝ። ጥቁሩም፣ ሪባኑም፣ ጠረጴዛውም የለቅሶ ነው። የአስቴር የሥራ ጃኬት ኪስ ትዝ አለኝ። አስቴር ከሥራ ስትገባ ማህሌት ሰላም ሳትላት በፊት ኪሷን ትበረብር ነበር፤ ሚንት ከረሜላ አይጠፋውም። ይህን አውቅ ነበር። በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው!

እዚህ ላይ ባቆም ታዝኑልኝ ነበር። አላወቀችም፣ ቋንቋ ነው ያሳሳታት ትሉ ነበር። ኤዲያ! የቀዳሁት አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው፤ የላክሁት ሃያ ሰከንድ ነው። ከሃያው ሰከንድ በኋላ ዘፈኑ ይቆማል፣ ማህሌትም ታለቅሳለች። በአርባው ያላለቀሰችው፣ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በጥርት ያለ አማርኛ «እማዬ፣ ነይ» እያለች ታለቅሳለች። በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ኩሽና ገብቼ ደግሜ ሰምቻለሁ። ሰይጣንን እንዳልጠራች ያን ጊዜ አልገባኝም? ገብቶኛል! ግን ለቅሶው ከተሰማ ሴቶቹ ለሷ ያዝኑላታላ፤ «አክስቷ ምን እያደረገቻት ነው?» ይሉኛላ። ስለዚህ ለቅሶዋን በጣቴ ቆርጬ ጣልኩት። ያን መምህር ነኝ ባይ እሰድባለሁ እንጂ እኔ ከሱ በምን እሻላለሁ? እሱ የማያውቃትን ነው የቆራረጠው፣ እኔ የእህቴን ልጅ።

ትናንት ሩትን አፈላልጌ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያ «ማህሌት ታውቃለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አታውቅም አልኳት። «እንግዲያው ለኔ ምን ያደርግልኛል?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። እውነቷን ነው።

አሮጌው ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ሙሉው ድምፅ አልጠፋም። ማህሌት አሁን ኮሌጅ ናት፤ እሁድ ትመጣለች። ስልኩን እሰጣታለሁ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ትሰማዋለች፣ የሩትን ቁጥርም እሰጣታለሁ። ከዚያ በኋላ እቴቴ ባትለኝ፣ በሬን ዳግመኛ ባትረግጥ፣ ለምን አልልም። ይቅርታም አልጠይቃትም፤ ይቅር በይኝ ብላት እኔን ማጽናናት ልትጀምር ነው፣ ያን ደግሞ አልፈልግም። እናንተም «ስለምትወጃት ነው» እንዳትሉኝ። የምትወጂውን ልጅ ለቅሶ ሰምተሽ ስልክ አትነኪም፤ በር ነው የምትከፍቺው። እሁድ የምላት ይህን ብቻ ነው፤ ሩት አይደለችም፣ እኔ ነኝ።