የቆቅ ጆሮ

ዛሬም ማለዳ ላይ ቆቅ ስትጮህ ከሰማሁ፣ እናቴ ዶሮ የምትጠራበት ድምፅ አብሮ ይመጣብኛል።

ቤታችን ከላሊበላ በላይ፣ የገብሱ ማሳ ገደሉ አፋፍ ላይ በሚያልቅበት ቦታ ነበር። ሟቹን አባቴን አገሬው «ቆቅ» ይለው ነበር፤ ሰው ገና ከጅረቱ ማዶ ሳለ ኮቴውን ይሰማ ነበርና። ለእኔ የደረሰኝ እናቴ ጠርታ ጠርታ የምትሰለቸው ጆሮ ነው፤ የአባቴን የወረሰው ታላቅ ወንድሜ ሞላ ነበር።

አንድ ክረምት ሞላ ገብስ ሲያርም ያገኘውን የቆቅ እንቁላል አምጥቶ ካቀፈችው ዶሯችን ሥር ከተተው። መስከረም ላይ ጫጩቶቹ ተቀላቅለው ግቢውን ሞሉት። ጭልፊት ከላይ ስታንዣብብ የዶሮዎቹ እየተንጫጩ ወደ እናታቸው ክንፍ ሲሮጡ፣ የቆቆቹ ግን ማንም ሳያስተምራቸው ካሉበት ድርቅ ብለው አፈር ይመስሉ ነበር። እናቴ ደጋግማ ብትጠራቸው ንቅንቅ አይሉም።

«ተያቸው እምዬ፣ እነሱም ያባታቸውን ወርሰው ነው» ይላት ነበር ሞላ እየሳቀ።

በጋው ሲገባ ለውትድርና ጎረምሳ የሚያፍሱት ታጣቂዎች መምጣት ጀመሩ። ሞላ ውሻ እንኳ ሳይጮህ ይሰማቸውና ገደሉ ሥር ካለው ዋሻ ገብቶ ይተኛ ነበር። ሲሄዱ እናቴ ስሙን መጥራት ስለምትፈራ ዶሮ ትጠራለች፣ እሱም ምልክቱን ሰምቶ ይወጣል። ምልክቱ እንዳይምታታበት ስትል ለዶሮዎቹ ጥሬ እንኳ የምትበትነው ዝም ብላ ነበር።

አንድ ከሰዓት ታጣቂዎቹ ቤቱን ፈትሸው ቢያጡት፣ ከጓሮ ካለው የጭድ ክምር ጥላ ሥር ፀጥ ብለው ዐረፍ አሉ። እናቴ ጠላ ይዛላቸው ስትወጣ ጭልፊቷ በጫጩቶቹ ላይ ቁልቁል ተወረወረች። ዕድሜዋን ሙሉ የለመደ አፏ ቀደማትና ዶሮዎቿን ጠራች። ወዲያው እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት።

የዶሮዎቹ ጫጩቶች ወደ እናታቸው ሮጡ። ቆቆቹ ድርቅ አሉ። ሞላ ግን ሰምቶ ወጣ። ልብሱን እያራገፈ «ሄዱ እምዬ?» ሲል ታጣቂዎቹ ተነሥተው ከበቡት።

አልተመለሰም። ቆቆቹ ላባ አውጥተው ወደ ማሳው ገቡ፣ እናቴም ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጥታ እስከ ዕለተ ሞቷ ሌላ አላረባችም።

አሁን የእኔ ልጅ የአጎቱ ጆሮ አለው። ከጋሸና የሚመጣውን መኪና ከሁላችንም ቀድሞ ይሰማል፤ ያኔ ሞላ ሰምቶ ይሸሽ ነበር፣ ይሄ ሰምቶ ወደ መንገዱ ይሮጣል። ሲመሽ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ከደጃቸው ሆነው ይጣራሉ። እኔ አልጠራም፤ ካለበት ሄጄ እጁን ይዤ አመጣዋለሁ።